እናት ስታጨስ ልጇን የሚያቀጭጨው ጢሱ ብቻ ነው ወይስ የእሷም ጂን አለበት?

አዋላጅ ዘቢቸና (ጥያቄ)

እንዴት ሰነበታችሁ። በምሥራቅ ጎጃም ላሉ አዋላጆችና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ጢስና ስለ ጽንስ ዕድገት የግማሽ ቀን ትምህርት እየተዘጋጀ ነውና አንድ ነገር እንዲጠራልኝ ፈልጌ ነው። ሲጋራ የሚወለደውን ልጅ በአማካይ 200 ግራም ገደማ ያቀልለዋል ብለን እናስተምራለን። አማካይ ግን አማካይ ነው። ቀኑን ሙሉ የምታጨስ እናት 3 ኪሎ ተኩል ልጅ ትገላገላለች፤ በቀን ሁለት ሦስት የምትለኩስ ደግሞ 2 ኪሎ ከሩብ። ልዩነቱ ከእናትየዋ ጂን ነው የሚለው ወሬ በየሥልጠናው ይነሳና ማንም ሳይቋጨው ይታለፋል።

የትኛው ጂን ነው? ስንት ግራም ይለውጣል? መርምሮ «አንቺን ይጎዳሻል፣ አንቺን አይጎዳሽም» ማለት ይቻላል? «እናቴ ሱረቷ ሳይለያት ነው እኛን ዘጠኛችንን የወለደችን» ለምትል ነፍሰ ጡርስ ምን ይመለስላታል? አንድ ተጨማሪ ነገር፦ በእኛ አካባቢ ሴት አጫሽ ጥቂት ነው። የምድጃው ጢስ ከሲጋራው ጋር በአንድ ሚዛን ይቀመጣል ወይስ ሌላ ጉዳይ ነው?

ጂን ቆጣሪ

ወሬው መሠረት አለው፤ መሠረቱ ግን ከወሬው ይጠባል።

ጢስ ውስጥ ጽንስን የሚያቀጭጩ ዋና ዋናዎቹ ሦስት ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል፤ የጽንሱ ደም ደግሞ ከእናቱ ደም አብልጦ ያጠራቅመዋል። ኒኮቲን ወደ ማሕፀን የሚሄዱትን የደም ሥሮች ያጠብባል። ሦስተኛው ማንኛውም ነገር በቅጡ ሳይነድ ሲቀር የሚፈጠረው የጥቀርሻ ውህድ ነው፤ በሙያው ስሙ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን ይባላል። የጠየቁት ጂን በግልጽ የሚገባው እዚህ ሦስተኛው ላይ ነው።

ሰውነት ይህን ጥቀርሻ የሚያስወጣው በሁለት እርከን ነው። መጀመሪያ ሲዋይፒ1ኤ1 የተባለው ጂን የሚሠራው ኢንዛይም ውህዱን ይለውጠዋል። የተለወጠው ግን ከመነሻው የባሰ ነው፤ ከዲኤንኤና ከፕሮቲን ጋር የሚጣበቅ ነው። ቀጥሎ ጂኤስቲቲ1 የሚሠራው ኢንዛይም ግሉታታዮን የተባለ የሰውነት ንጥረ ነገር ያያይዝበትና በውሃ የሚሟሟ፣ በሽንት የሚወጣ ያደርገዋል። አጫጁ ፈጣን፣ ነዶ ተሸካሚው ግን የቀረ ዕለት አስቡት፤ የታጨደው ሁሉ ማሳው ላይ ውሎ ያድራል። ጂኤስቲቲ1 ብዙ ሰው ላይ ጨርሶ የለም፤ ከአባትም ከእናትም የመጣው ቅጂ ተቆርጦ የጠፋ ማለት ነው። በሌላ ነገር ጤነኛ ስለሆኑ ሳያውቁት ይኖራሉ።

ይህን በልደት ክብደት ላይ የለካው በጣም የሚጠቀሰው ጥናት ቦስተን ላይ 741 እናቶችን ይዞ እ.ኤ.አ. በ2002 ጃማ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። ጂን ሳይለይ ሲታይ ያጨሱት እናቶች ልጆች በአማካይ 377 ግራም ቀለሉ። በሲዋይፒ1ኤ1 ሲለዩ የተለመደው ዓይነት ያላቸው ላይ ቅናሹ 252 ግራም ሲሆን፣ የተለወጠው ዓይነት ያላቸው ላይ 520 ግራም ሆነ። በጂኤስቲቲ1 ሲለዩ ጂኑ ያላቸው ላይ 285፣ የሌላቸው ላይ 642። ሁለቱም ችግር የተገናኘባቸው እናቶች ላይ 1,285 ግራም።

ይህ የመጨረሻው ቁጥር ነው በየስላይዱ ሲዞር የሚታየው። ከመጠቀሱ በፊት ግን ይታሰብበት። ከ741ዱ ያጨሱት 174 ብቻ ናቸው፤ እነሱን በአራት ሲከፍሏቸው ሁለቱም የተገናኘባቸው ጥቂት ሰዎች ናቸው። በጥቂት ሰው የተገኘ ትልቅ ቁጥር በሌላ አገር ሲደገም አብዛኛውን ጊዜ ያንሳል፤ በዚህም ጉዳይ ኋላ የመጡት ጥናቶች አንድ ዓይነት መጠን አልሰጡም። አቅጣጫውን ያስተምሩ፣ ግራሙን እንደ ሕግ አያስተምሩ።

ሁለተኛው መስመር ከኒኮቲን ጋር ይገናኛል። በ15ኛው ክሮሞሶም ላይ ሲኤችአርኤንኤ5 እና ጎረቤቶቹ የሚባሉ የኒኮቲን መቀበያ ጂኖች አሉ። አንዱ ዓይነት ያለባት አጫሽ አብዝታና በጥልቀት ትስባለች። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ትልቅ ትንተና፣ በሚያጨሱ እናቶች ዘንድ የዚህ ዓይነት አንድ ቅጂ በተጨመረ ቁጥር ልጁ 20 ግራም ያህል እንደሚቀልል አሳየ። በማያጨሱት ላይ ግን ያው ጂን ምንም አላደረገም። 20 ግራም ለአንዲት እናት ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ለክርክር ግን ወርቅ ነው። «አጫሾች ድሆች ስለሆኑ፣ ምግብ ስላነሳቸው ነው እንጂ ሲጋራው አይደለም» ለሚል ሰው ጂን በኑሮ ደረጃ አይታደልም ብሎ መመለስ ይቻላል።

የጮቄ ነፋስ

ጂን ቆጣሪ ያልነካው አንድ ነገር አለ። «የእናት ጂን» ሲባል ሁለት የተለያየ ሥራ ነው። እናት ግማሽ ጂኗን ለልጁ ትሰጣለች፤ በተጨማሪ በራሷ ጂን የምትኖርበት ሰውነቷ ለዘጠኝ ወር የልጁ አገር ነው። ሁለቱ በተቃራኒ ሊጎትቱ ይችላሉ። ምርጡ ማሳያ ጂሲኬ የተባለው የስኳር ጂን ነው። ጉድለቱ በእናት ላይ ሲኖር ደሟ ውስጥ ስኳር ከፍ ስለሚል ልጁ በ600 ግራም ገደማ ይከብዳል፤ ጉድለቱ በጽንሱ ላይ ሲሆን ግን ኢንሱሊን ስለሚያንሰው በ530 ግራም ገደማ ይቀልላል። ሁለቱም ላይ ካለ ይጣፋሉ፤ ልጁ እንደማንኛውም ልጅ ይወለዳል።

የአዊ ፈረሰኛ ይህን በእንስሳ በኩል ለመረዳት አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ1938 እንግሊዝ ውስጥ ግዙፉን የሻየር ፈረስና ትንሹን የሼትላንድ ድንክ በሁለቱም አቅጣጫ ሲያዳቅሉ፣ ከግዙፏ እናት የተወለደው ውርንጭላ ከድንኳ ከተወለደው በጣም ይበልጥ ነበር። የዘሩ ድብልቅ በሁለቱም በኩል ያው ነው፤ የተለየው ማደሪያው ነው።

ለጢስ ሲመጣ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፦ የእንግዴ ልጁ ጂን የልጁ እንጂ የእናት አይደለም። ሲዋይፒ1ኤ1 በአጫሽ እናት እንግዴ ልጅ ውስጥ በኃይል ይቀሰቀሳል። ስለዚህ የእናት ደም ብቻ መርምሮ የሚሰጥ ፍርድ ግማሽ ፍርድ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። 200 ግራም ለማየት የሚፈልግ መጀመሪያ 200 ግራም የሚያይ ሚዛን ያስፈልገዋል። የተንጠልጣይ ሚዛን መርፌ ዜሮ ላይ መሆኑን በየልደቱ ማየት፤ በሳምንት አንድ ጊዜ 1 ሊትር ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሰቅሎ ከባዶው ጠርሙስ ጋር ያለው ልዩነት 1,000 ግራም መምጣቱን ማረጋገጥ። ልጁ ራቁቱን፣ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይመዘናል። ትልቁ ችግር ማጠጋጋት ነው፤ መዝገብ ሲገለጥ 2,500 እና 3,000 ተደርድረው ይታያሉ። ዝቅተኛ የልደት ክብደት የሚባለው ከ2,500 በታች ነው። 2,460 የመዘነ ልጅ «2 ኪሎ ተኩል» ተብሎ ሲጻፍ ከችግሩ ዝርዝር ይወጣል።

ከሚዛን የባሰው ቀን ነው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ጽንስ በሳምንት ወደ 200 ግራም ይጨምራልና የሁለት ሳምንት የቀን ስሕተት ከሲጋራው ይበልጣል። የጎጃም እናት ቀን የምትቆጥረው በበዓልና በጾም ነው፤ «መጨረሻ ያየሁት ጥምቀት ሰሞን ነው» ትላለች፤ ይህ ጥሩ መረጃ ነው፣ አይናቅ። ወራችን ሠላሳ ቀን ስለሆነ ሂሳቡ ቀላል ነው፦ 9 ወርና 10 ቀን መደመር፤ ጳጉሜን መሃል ከገባች 5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 6 ቀን መቀነስ። ጥር 11 መጨረሻ ካየች መውለጃዋ ጥቅምት 16 ላይ ይውላል። ኅዳር 12 ካለች ጳጉሜን ስለማይነካ ነሐሴ 22። ዐቢይ ጾምንና ፋሲካን ግን በየዓመቱ ስለሚዘዋወሩ ከካሌንደር ሳያዩ እንዳይጻፉ። አልትራሳውንድ የሚገኝ ከሆነ ከ24 ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ ቢታይ ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

ከዚያ በኋላ በየክትትሉ ሜትር ነው። ሽንቷን ሸንታ፣ በጀርባዋ ተኝታ፣ ከብልት አጥንት የላይኛው ጠርዝ እስከ ማሕፀን አናት፤ ቁጥሩ ወደ ሆድ ተገልብጦ፤ ካላዩት ዓይን አያዳላም። ከ24ኛው ሳምንት ወዲህ ሴንቲሜትሩና ሳምንቱ ይቀራረባሉ። 3 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ወይም በተከታታይ ሁለት ክትትል ባለበት ከቆመ፣ አልትራሳውንድ ወዳለበት ሆስፒታል መላክ ነው። አጫሽ ስለሆነች «የሚጠበቅ ነው» ብሎ ማሳለፍ ትልቅ ጥፋት ነው፤ የደም ግፊትም ወባም እንደዚሁ ያቀጭጫሉ።

ዳሞቴ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ስለ ቦስተን እናቶች ጂን ስትጨዋወቱ የጎጃም እናት ጎጆ ውስጥ ታጥናለች። እ.ኤ.አ. የ2016ቱ አገር አቀፍ የትምባሆ ቅኝት ትምባሆ የሚጠቀሙ ሴቶችን 1.8 ከመቶ ነው ያለው። እንጀራ የማይጋገርበት ቤት ግን የለም።

የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ኩበትና ጭራሮ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድም ያ የጥቀርሻ ውህድም ይወጣል። የሌለው ኒኮቲን ብቻ ነው። ጂኤስቲቲ1 የሌላት ሴት ጥቀርሻው ከሲጋራ ይምጣ ከኩበት አይለይላትም። በጣም የሚጨሰው ምጣዱ እስኪሰማ ያለው ጊዜና እርጥብ እንጨት የተጨመረበት ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ፦ እንጨቱን ከዝናብ አስጠልሎ አስቀድሞ ማድረቅ፤ ሲለኮስ ነፍሰ ጡሯ ከማዕድ ቤት ወጥታ ሌላ ሰው እንዲያነድ፤ በጣሪያና በግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት በጭቃ አለመድፈን፤ በሩንና ትይዩውን መስኮት አብሮ መክፈት። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ማገዶ ወደ ግማሽ ይቆጥባል። ክፍሎቹ በመገጣጠሚያቸው ካልተመረጉ ግን ጢሱ በስንጥቁ ይወጣል፤ ሲሰነጠቅ በጭቃ መድፈን የየሳምንቱ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚሸውደው ከሰል ነው። ከአዊ፣ በተለይ ከፋግታ ለኮማ የሚወጣው ዲከረንስ ከሚባለው የግራር ዓይነት የሚከሰለው ከሰል አይጨስም ተብሎ ይወደዳል። ከሰል የማይጨስ ስለሆነ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለውም ማለት አይደለም፤ ፍም ከሆነ በኋላም ሳይታይ ሳይሸት ይወጣል። ደጋ ላይ በብርድ በር ዘግቶ ከአቦል እስከ በረካ ከፍሙ አጠገብ የምትቀመጥ ነፍሰ ጡር ራሷን ቢያማት ቡናው አይደለም። በሩ ገርበብ ይበል፣ ምድጃው ወደ በረንዳ ይውጣ።

ጂን ቆጣሪ

ዳሞቴ፣ በጥቀርሻው እስማማለሁ፤ ግን ምድጃ መቀየር ክብደት ይጨምራል ብለህ ቃል እንዳትገባ። ጓቴማላ፣ ሕንድ፣ ፔሩና ሩዋንዳ ውስጥ 3,200 ነፍሰ ጡሮች ላይ ትልቅ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ግማሾቹ የጋዝ ምድጃ ከነጋዙ በነፃ ተሰጣቸው፤ የቤታቸው ብናኝ በእጅጉ ቀነሰ። የልጆቹ ክብደት ግን 2,921 በ2,898 ግራም ነው የመጣው፤ ከአጋጣሚ የማይለይ ልዩነት ነው። እዚሁ ምዕራብ ጎጃም ሜጫ ላይም የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ተሰጥቶ የሕፃናት የሳንባ ምች ሲለካ ጉልህ ቅናሽ አልታየም።

የጋዙ ሙከራ ያልሠራው በከፊል በጊዜ ሊሆን ይችላል። እናቶቹ የተመዘገቡት ከ9 እስከ 20 ሳምንት ባለው ውስጥ ነው፤ እንግዴ ልጅ ያኔ ሥሩን ሰድዷል። በሲጋራ በኩል ግን ዘግይቶም ማቆም ይጠቅማል። ከ15 ሳምንት በፊት ያቆሙት ያለ ቀናቸው በመውለድም በቀጫጫ ልጅም ካላጨሱት ጋር እኩል ሆነው ተገኝተዋል። ከዚያ በኋላ ያቆመችም ቢሆን ካላቆመችው ትሻላለች። አብዛኛው ክብደት የሚመጣው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነውና።

ከፍታውም ይጨመርበት፤ ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮሎራዶ ውስጥ በየ1,000 ሜትሩ ልጅ 100 ግራም ያህል ይቀልላል። ለብዙ ትውልድ ደጋ ለኖረ ሕዝብ ይህ ቁጥር እንዳለ አይወሰድም። ሆኖም ከፍታ፣ ደም ማነስና ካርቦን ሞኖክሳይድ ሦስቱም የሚሻሙት ያንኑ ኦክስጅን ነው። ለዚህ ነው ጢስ የሚደርስባት እናት የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ከማንም በላይ ሊጓደልባት የማይገባው።

አዋላጅ ዘቢቸና

እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ጠራልኝ። ሦስት ነገር ቀረኝ። የጂን ምርመራው በመርሕ ደረጃ ይቻላል? ሱረቱስ? ማቆም ያቃታት እናት ላይ የኒኮቲን ፕላስተር ይደረጋል?

ጂን ቆጣሪ

ምርመራው በፒሲአር፣ ማለትም ዲኤንኤን በቱቦ ውስጥ አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ ይሠራል። ጂኤስቲቲ1 የጠፋ መሆኑ የሚታወቀው ጄል ላይ መስመር ባለመታየቱ ነው። ችግሩም እዚያው ነው፤ ናሙናው ቢበላሽም መስመር አይታይም። ስለዚህ በዚያው ቱቦ ሌላ ጂን እንደ መቆጣጠሪያ አብሮ ካልተባዛ ውጤቱ ዋጋ የለውም። አንድ ቅጂ ያላትንና ሁለት ያላትንም አይለይም። እሺ፣ በትክክል ተሠራ እንበል፤ ውጤቱ ምን ይለውጣል? «ጂንሽ ደህና ነው» የተባለችዋም በቦስተኑ ቁጥር ከ250 ግራም በላይ ታጣለች። ምክሩ ለሁለቱም አንድ ከሆነ ምርመራው የሚጠቅመው ለተመራማሪ ነው።

ሱረት አይነድም፤ ኒኮቲን አለው፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ የለውም። ስዊድን ውስጥ እርጥቡን፣ በከንፈር የሚያዘውን ትምባሆ የተጠቀሙ እናቶች ልጆች 39 ግራም ሲቀልሉ፣ ያጨሱት ልጆች 190 ግራም ቀልለዋል። ስለዚህ የዘጠኝ ልጆች እናት ታሪክ ውሸት አይደለም፤ ከሲጋራ ጋር የሚነጻጸር ግን አይደለም። ኒኮቲኑ ለጽንሱ አንጎልና ሳንባ ደህና ነው ማለትም አይደለም።

በፕላስተሩ በኩል፣ እርግዝና ኒኮቲንን የማስወገድ ፍጥነት በ60 ከመቶ ይጨምራል። ነፍሰ ጡር አጫሽ ቶሎ ቶሎ የምታምራት ለዚህ ነው፤ የተለመደው ፕላስተርም ሊያንሳት ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ 1,050 ነፍሰ ጡሮች ላይ 15 ሚሊግራሙ በሐሰተኛ ፕላስተር ተመዝኖ እስከ ወሊድ ማቆም ላይ ግልጽ ብልጫ አላሳየም። ማጨስ ለማቆም የሚሰጡትን ቡፕሮፒዮንና ቫሬኒክሊን የተባሉ መድኃኒቶች በእርግዝና የዓለም ጤና ድርጅት አይመክርም። የሚቀረው ምክር ነው።

የጮቄ ነፋስ

ለምክሩ ጥቂት ልጨምር። «ታጨሻለሽ ወይ?» ተብላ በባሏና በአማቷ ፊት የተጠየቀች ሴት «ኧረ በእመብርሃን!» ነው የምትለው። ለብቻዋ፣ ክብደቷ ሲለካ ይጠየቅ፤ ጥያቄውም «አጭሰሽ አታውቂም፣ ከማርገዝሽ በፊት ታጨሺ ነበር፣ ካረገዝሽ ቀንሰሻል፣ እንደበፊቱ ነሽ?» ይሁን። በምርጫ ሲጠየቁ መሸፋፈን ይቀንሳል። ሺሻ ለብቻው ይጠየቅ፤ ብዙዎች ከማጨስ አይቆጥሩትም። «ቀንሻለሁ» የምትልም አብራ ትመከር፤ ከአሥር ወደ አምስት ያወረደች ሰው እያንዳንዱን አጥልቃ ስለምትስበው ጉዳቱ በግማሽ አይወርድም። ባልየው ደጅ ወጥቶ ያጭስ፤ በሰው ጢስ ብቻ 33 ግራም ያህል እንደሚቀንስ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ታይቷል።

የጣት ኦክሲሜትር አትመኑ። ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ የታፈነችዋን 98 ብሎ ያሳያል። ካርቦን ሞኖክሳይድን በትንፋሽ የሚለካ መሣሪያ ካለ ከሰልና ሲጋራን አይለይም፤ ሽንት ውስጥ ኮቲኒንን (ኒኮቲን ሰውነት ውስጥ ሲለወጥ የሚሆነውን) የሚያይ ምርመራ ግን ይለያል፣ ምድጃ ኒኮቲን የለውምና። ትንፋሹ ከፍ ብሎ ኮቲኒን ካልተገኘ ነገሩ ማዕድ ቤት ነው። ኮቲኒን በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ በእርግዝና ወደ 9 ሰዓት ስለሚያጥር፣ ከትናንት ወዲያ ያጨሰችው ዛሬ ላይታይ ይችላል።

ዳሞቴ

ጋዙን በተመለከተ ተረትቻለሁ። የከሰሉን ግን አልለቅም፤ በሥልጠናው ጽሑፍ ውስጥ ለብቻው አንድ ገጽ ይሰጠው።